ሚዛን የሚደፋ ምክንያት

ስሜን ሞልቻለሁ፣ የአባቴንም ሥራ፣
የሒሳብ ውጤቴን በየዓመቱ ተራ።
ከግርጌ አንድ ጥያቄ ባዶውን ተቀምጧል፤
ሦስት ቀን ሆነው፣ ብዕሬም ደርቋል፦
«ሌሎችን ለመርዳት ምን አነሳሳሽ?
በሁለት መቶ ቃል ይብራራ መልስሽ።»

ሩምፓ፣ የክፍል ጓደኛዬ፣ ጽፋ ጨርሳለች፤
«ከልጅነቴ ጀምሮ ርኅሩኅ ነኝ» ብላለች።
ያምራል። ምናልባትም እውነት ይሆናል።
የእኔን ግን ስጀምር እጄ ይሰንፋል፦

መብራት ነው።
ያነሳሳኝ መብራት ነው፤ አንድ አርባ ሻማ አምፖል፣
ከሩፕሻ ወንዝ ዳር፣ ከዓሣ ተራው መሐል።
በሚያዝያ ነበረ፣ ኹልና ስትጨልም፣
ከማደሪያችን ውስጥ አየር እንኳ የለም፤
ደብተሬን አቅፌ ወደ ወደቡ ወረድኩ፣
ከሻይ ቤቱ ጄኔሬተር አጠገብ ወንበር ሳብኩ።
አንድ ማታ ብርሃን በአንድ ብርጭቆ ሻይ፤
በዚህ ዓለም ዕቃ ከዚህ ይረክሳል ወይ?

ሞንቱ የመጣው በሦስተኛው ማታ፣
ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት፣ ከእናቱ ሥራ ሲፈታ፤
የዓሣ ቅርፊት ክንዱ ላይ እንደ ሳንቲም ያበራል።
«ምንድን ነው?» ይለኛል። «ቁጥር» ስል፣ «ምን ይላል?»
ጠዋት ፈተና አለኝ። ሂድ ብለው አልሄደም።
አስተማርኩት፤ ለፍቅር አይደለም፣ ለጽድቅም አይደለም፣
ዝም እንዲልልኝ ነው።
(ይህንንስ የትኛው መሥመር ላይ ልጻፈው?)

ጣቱን ሻይ ውስጥ ነክሮ፣ በጠረጴዛው ጣውላ
መደመር ጻፈ፤ መቀነስም ኋላ፤
ሳይደርቅበት መልሱ፣ ከሙቀቱ ሲሽቀዳደም
ማባዛት ላይ ደረሰ፤ ወሩ ገና አላለቀም።

አንድ ማለዳ ታዲያ እናቱ ጁሌኻ
ቅርጫቷን ስታስመዝን ኩድራት ከሚሉት ደላላ፣
ልጁ በጣቱ ቆጥሮ፣ በከንፈሩ ደምሮ፣
ጮኸ፤ ቀዛፊ ሁሉ እስኪያየው ዞሮ፦
«ሦስት ኪሎ ይጎድላል ከእናቴ ዓሣ!»
ኩድራት አልተቆጣ። ሚዛኑን አነሳ።
«ሌላ ገዢ ፈልጊ» አለና መዝገቡን አጠፈ፤
ክረምቱ በሙሉ በዚያች ቃል አለፈ።

በዝናብ፣ በጭቃ፣ በየበሩ ዞረች፣
የጧቱን በርካሽ ሸጣ የማታውን ጣለች።
እኔ መንገድ ቀየርኩ። ሻይ ቤቱን ተውኩት።
መደመር አስተምሬ ረሃብ ደመርኩበት፤
ማን አዞኝ ነበረ? በማን ሚዛን ላይ?
ለእኔ አንድ መሥመር ነው፤ ለእሷ የዓመት ሲሳይ።

ዝናቡ ሲያባራ በማደሪያው በር ቆመች፤
ወቀሳ አላመጣች፣ ይቅርም አላለች።
«ዓሣ አይይዝም» አለች፣ «ያላለቀ መረብ፤
የሠሪውን እግር ይጠልፋል ከወደብ።
ማባዛት ላይ ቆሞ ልጄ ግራ ገብቶታል፤
ነገ ማታ ነይ እንጂ፤ ማካፈል ይቀረዋል።»

ዘንድሮ ማደሪያችን አዲስ ገመድ አለው፣
መብራቱ አይጠፋም፤ ሌሊቱም ቀን ነው።
እኔ ግን ሲመሽ ያው ወደ ወንዙ ነኝ፤
ለምን እንደምሄድ ማንም አልነገረኝ።
ሚዛን የሚደፋ ምክንያት ፈለግኩና
አጣሁ። የኩድራት ሚዛን ግን አለ ገና፣
ከነድንጋዩ፣ በዚያው ቦታ።

ስለዚህ ይህን ብቻ ጻፍኩ፦
«መብራት ፈልጌ ሄድኩ።
በኋላ መብራቱ መጣ።
እኔ ግን አልቀረሁም።»

ዘጠኝ ቃል። ቆጠርኩት፣ ደግሜ፣ ደጋግሜ፤
መቶ ዘጠና አንድ ይጎድላል ከፎርሜ።
ሞንቱ ይህን ቢያይ፣ አውቀዋለሁ፣ ይጮሃል፤
ጀልባው ሁሉ ይዞራል።