የሐሙስ ገመድ

ፑንታ አሬናስ ላይ ነፋስ የተቆጣ ዕለት፣
ማዘጋጃ ቤቱ ገመድ ይዘረጋል ከቤት እስከ ቤት፤
ከመብራት ምሰሶ እስከ ባንኩ መዝጊያ፣
ከባንኩ እስከ ፖስታ፣ ለእጅ መጨበጫ፣ ለእግር መደገፊያ።
ካፒቴኑ፣ ተማሪው፣ ዳቦ ገዝታ የምትገባ፣
ሁሉም ያንን ይዞ ያልፋል፣ ስም ሳይጠያየቅ፣ አንገቱን ቀብሮ በካባ።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣
ግማሽ የላስቲክ ሰው በሻንጣ ይዤ፣ በየአውቶቡሱ፣ በየመጋዘኑ ሁሉ።
ደረቱን እየተጫንኩ፣ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" እያልኩ፣
የቆመ ልብ መቀስቀስ ለዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ለዘበኛ፣ ለአስተናጋጅ አስተማርኩ።
እነሱ ሰርተፊኬት ይዘው ሲበተኑ በሳቅ፣
እንቀራለን እኔና ላስቲኩ ሰው፣ የመጨረሻውን አውቶቡስ ስንጠባበቅ።
እንደኔ ያለ ስንት እንዳለ በከተማው አላውቅም፤
ቢኖርም ተፎካካሪ ነው፤ ስለ ጤናው አይጠየቅም።

ኢርማ ኦያርሶ፣ የብየዳ አሰልጣኟ፣
አንድ ሰኞ ጧት ጉሮሮዋ ተዘግቶ፣
አሥራ አራት ተማሪ ተበተነ፣ ጓንቱን አውልቆ፣ ምትክ የሚሆን ጠፍቶ።
የሳምንት ክፍያዋ ቀለጠ እንደ ቆርቆሮ፤
ያንገበገባት ግን፣ "ማን ይተካኝ?" ስትል የሚጠራ ስም መጥፋቱ፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ኑሮ።
በካርቶን ጽፋ ለጠፈች፣ ከምስማር ሻጩ መስታወት፦
"የምታሰለጥኑ ሁሉ፣ ሐሙስ ማታ፣ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ምድር ቤት።
ወንበር የለም፤ የየራሳችሁን ይዛችሁ ኑ።
ምን እንደምንሠራ አላውቅም፤ ያኔ ይታያል ምን መሆኑ።"

የመጀመሪያው ሐሙስ መጣን ሁለት፤
እኔና ዶን ኤላዲዮ፤ እሱም ተሳስቶ፣ ዶሚኖ የሚጫወቱ መስሎት።
ባዶ እንዳይመስል ብዬ ላስቲኩን ሰው አስቀመጥኩት ከወንበር፤
ኢርማ ቆጠረችና "አራት ነን" አለች፤ ሳቋ ገና ሻካራ ነበር።
ሽማግሌው ሊወጣ ተነሥቶ፣ በሩ ላይ ቆም አለና፣
"ለመሆኑ ሥልጠና የምትሉት፣
አርባ ዓመት ሙሉ ለጎረምሳ በግ መሸለት ማሳየት ነው እንዴ?
እንዲያ ከሆነማ፣ ልቀመጥ እንደገና።"

በአምስተኛው ሐሙስ ተጣላን።
ዙሌማ፣ የሒሳብ አያያዝ አሰልጣኝ፣ የብራንኮን ጥራዝ ገልጣ፣
የራሷን ገጽ አገኘች፣ የመደመር ስህተቷ እንኳ ሳይወጣ።
"ሌባ!"
"እኔም ከሌላ ነው የወሰድኩት!"
"ከማን?"
ሻንጣ ሁሉ ተከፈተ፤ ያው ገጽ፣ ያው ስህተት፣ ከሦስታችን።
የጻፈው ሰው ሞቷል ይባላል፤ ስሙን የሚያውቅ የለም፤
ስንደባበቅ የኖርነው የእሱን ልፋት ነበር። አፍረን ዝም።
ከዚያ ዙሌማ እርሳስ አውጥታ፣ ደማሪዋን ሰባት ስምንት አደረገች፤
"አሁን የሁላችንም ነው" ብላ መሐል ጠረጴዛው ላይ ወረወረች።

ከዚያ ወዲህ አንዳችን የሌላውን ክፍል ከኋላ ተቀምጠን እናያለን።
የእኔን ያየችው ኢርማ ናት፤ አላባበለችኝም፦
"ስታስተምር የአንድም ተማሪ ዐይን አላየህም፤
የምታናግረው ላስቲኩን ነው።"
ሦስት ሌሊት አልተኛሁም።

ድር ሲያብር ያስረዋል የሚባለው አንበሳ እዚህ አገር የለም፤
ያለው ነፋስ ነው፤ ነፋስን ደግሞ አሥሮት አያውቅም ማንም።

በነሐሴ ወደብ ተዘግቶ፣
ብራንኮ ከወዲያኛው ዳር ከጀልባው ጋር ቀርቶ፣
አሥራ ሁለት ዓሣ አጥማጅ ይጠብቃል፣ ሰጥሞ መትረፍን ሊማር።
ስልክ ተደዋወልን ገና ሳይነጋ፤
ኢርማ ፈተና ላይ ናት፤ እኔ ሆስፒታል፤ ዙሌማ ልጇ ታሟል።
"እኔ ልሂድ" አለ ኤላዲዮ። "ስለ ባሕር አንዲት አላውቅም፤
ግን የሚፈራ ሰው እጁን የት እንደሚያስቀምጥ አይጠፋኝም።"
ላስቲኩን ሰው አዋስኩት።

ሲመሽ መለሰልኝ፣ ከነሻንጣው፣ ግንባሩ ላይ የሱፍ ኮፍያ አጥልቆለት።
"እንዴት ነበር?" አልኩት።
"ቋጠሮ አስተማሩኝ" አለ፣ ጣቶቹን እያየ።
ተሰነባብተን ገመዱን ይዘን ስንሄድ፣ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣
ኪሱ ውስጥ ዶሚኖው ይንኳኳል፤
እስከ ዛሬ ማንም አልተጫወተለትም።