በሐመሩ ሐ

ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል፣ በቸርችል ጎዳና፣
ፍሬኑ በሚያቃስት ቮልስ ስወርድ በዝግታ፣
ፖስታ ቤቱን ሳላልፍ ፊሽካው ተነፋና
ነጭ እጅጌ ተዘርግቶ "ዳር ያዢ!" አለኝ።
ዳር ያዝኩ።
ከኋላ የመጣው ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፋብኝ፣
ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ "አይዞሽ እናቴ!" አለኝ፤
እየሳቀ ይሁን እያዘነ አልገባኝ።

ሳጅኑ መጣ ቀስ ብሎ፣ ፀሐይዋን በጀርባው አዝሎ፣
ደረቱ ላይ "በዳሳ" የሚል ስም አንጠልጥሎ፤
እጁን ወደ ቆቡ አነሳ፣ ሰላምታ ይመስላል፤
"ቢጫው ካለቀ ነው የገባሽው። መንጃ ፈቃድ?" ይላል።

ሰጠሁት።
ፎቶዬን አየ፣ እኔን አየ፣ ፎቶዬን አየ ደግሞ፤
"ምንትዋብ አስራደ ገብረሕይወት" አለ፣
እንደ ክፍል አለቃ ስም ሊጠራ ቆሞ።
የኔ ስም እንዲህ ነው፤ ብቻውን አይሄድም፣
አባቴን ሳያስከትል
ካንዱ ቢሮ ወደ ሌላው አይራመድም።

"ሊብሬ?"

የመኪናዋን ኪስ ከፈትኩ። ሦስት ወር አልነካሁትም ነበር።
አንድ ጆሮው በክር የታሰረ መነጽር፣
ልባሱ ላይ ቀልጦ የደረቀ ደስታ ከረሜላ፣
ጫፉ የተላሰ እርሳስ፣
የነዳጅ ደረሰኝ፣ በየወሩ ተለይቶ፣ በላስቲክ ታስሮ።
የመዝገብ ቤት ሰው ኪስ ነው፤ ወረቀት አይጥልም።
ሠላሳ ሁለት ዓመት እዚያ ላይ፣ ከዳገቱ አናት፣
ፋይል ሲያወጣ፣ ፋይል ሲመልስ፣
አቧራ ሲያራግፍ ከሰው ልደት፣ ከሰው ይዞታ፣ ከሰው ሙግት።

ከስር፣ በፕላስቲክ ውስጥ፣ ሊብሬው ነበረ፤
ከሊብሬው ጋር አብሮ ተጣብቆ የኖረ
የሱ መንጃ ፈቃድ፣ ጢሙ ጥቁር ሳለ፣
ከካሜራው ጋር ተኳርፎ የቀረ።
ሳላላቅቅ ሰጠሁት፣ ሁለቱንም ባንዴ።

"ባለንብረቱ የታሉ?" አለኝ ሊብሬውን ገልጦ።
ቀላል ጥያቄ ነው፤ መልሱ ጉሮሮዬ ላይ ተቀምጦ
ሜክሲኮ አደባባይ ሆነ፣ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት።
"አልመጡም" አልኩት።
ውሸት አይደለም።

"ሦስተኛ ወገን?"

ይሄን ቃል ያወጣ ሰው ዘመድ ሞቶበት አያውቅም።
አንደኛው ወገኔ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነው፣
ሁለተኛዋም እዚያው ናት፣ ቀድማ ቦታ ይዛለት፤
ሦስተኛውን ከየት ላምጣ?
ከመስታወቱ ጥግ ነቅዬ ወረቀቱን ሰጠሁት።
ጊዜው አላለፈም። ራሱ ነው የከፈለው፣ እስከ ሐምሌ፤
እሱ ግን እስከ ጥር ብቻ ቆየ።

ሳጅን በዳሳ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ይዞ አየ።
አፍንጫችን አንድ ነው፤ የገባው መሰለኝ።
"ስሙን አዛውሪው" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
ስም ወዴት ነው የሚዛወረው?
"ነፍስ ይማር" አለ ደግሞ።
እኔን ግን አልማረኝም፤ የቅጣት ደብተሩን አወጣ፣
ከቮልሷ ጣሪያ ላይ አስደግፎ ይጽፍ ጀመር፦
ምንትዋብ። አስራደ። ገብረ...

አንገቴን በመስኮት አወጣሁ።
"ይቅርታ ሳጅን፤ 'ሕይወት' በሐመሩ ሐ ነው፣
በሃሌታው አይደለም።"

ቀና ብሎ አየኝ። እብድ ናት ብሎ ይሆናል።
የተቀጣ ሰው ስለ ገንዘቡ ይለምናል፣
ስለ ፊደል ማን ይለምናል?
እሱ ግን፣ ስንት ሰው ማመልከቻ ላይ፣ ስንት መታወቂያ ላይ
በቀይ እስክሪብቶ ከቧት ኖሯል ይቺን ፊደል፣
"ሕይወቴን በሰው ፊደል አትጻፉብኝ" ሲል።

ሰረዘው። ሃሌታዋ አፏን እንደከፈተች ቀረች፤
ከበላይዋ፣ በጠባቡ መስመር፣
ሐመሯ በሦስት እግሯ ቆመች።

ወረቀቱን ተቀበልኩ። አመሰገንኩትም፣ ምን ነካኝ።
ላስቲኩን ፈትቼ ከደረሰኞቹ በላይ አኖርኩት፣
ከሚያዝያ።
እሱ ቢሆን አይጥለውም ነበር።