በላኝ

"ቁንጫ ነው" ብለሽ፣ አንሶላ ቀቀልሽ፣
ብርድ ልብሱን አውጥተሽ፣ ከአጥር ላይ ሰቀልሽ፤
የጠባሴ ፀሐይ፣ እስኪመሽ ቢመታ፣
ስተኛበት ጊዜ፣ እከኩ በረታ።

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ፋብሪካ ውስጥ ኖሮ፣
ሱፍ ያልበላው ጀርባ፣ ምን በላው ዘንድሮ?

ሐኪሟ ዝም አለች፣ ጥፍሬን አየችና፤
"ቁንጫው ደም ውስጥ ነው፣ ጋሽ ሸዋቀና፤
ኩላሊት ያልጣለው፣ ጉድፍ ነው የሚበላ፣
ወተት ይቅርብዎ፣ አይብና ባቄላ።"

ማክሰኞና ዓርብ፣ ደሜ ይታጠባል፣
በቱቦ ይወጣል፣ በቱቦ ይገባል።
አንቺ አንሶላ አጥበሽ፣ ማሽን ደሜን አጥቦ፣
ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ይመጣል ተርቦ።

የደብረ ብርሃን ውርጭ ቆርቆሮውን ሲያስጮኸው
ትነሺያለሽ፤
በስልክሽ መብራት ጥፍሬን ትቆርጫለሽ፣
"አትከክ" ትያለሽ፣
ሳሙና ያሻከረው መዳፍሽን ጀርባዬ ላይ ታሳርፊያለሽ።
ጋብ ይላል።

ትናንት ግን ነቅቼ፣ ኮሽታ ሰማሁኝ፣
ከራሴ መስሎኝ፣ ጣቴን ሰበሰብኩኝ።
አንቺ ነሽ ለካ!
ጤነኛ ክንድሽን፣ እንቅልፍ እንደያዘሽ፣
ታክኪያለሽ፣ ታክኪያለሽ፤ ማን ደሙን አዋሰሽ?

ጥፍር በሌለው ጣቴ፣
እኔ አከክሁልሽ።