ጋቢ የለበሰ እንግዳ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሙሄ ግቢ ገብተን፣
አንጋጠን ቆመናል፣ ዘንባባውን ከበን።
ጡረተኛው ሾፌር፣ የቦርከና ጎረቤት፣
«ያቺን ቅጠል» ይላል፣ «ዛሬ ነው ያየኋት!»
እንደ ጃንጥላ ናት፣ ገና ያልተፈታች፣
ጫፏ ላይ ቢጫ ክር፣ ቋጥራ የያዘች።
ከከሚሴ መጥታ፣ ዘሐራ ነርሷ፣
እንግዳ ቁልቋሏን፣ አቅፋ በሻርፗ፣
እሾሁ ቢወጋት፣ «ወይ የኔ ውብ!» አለች፤
ባሏን በዚህ ቃል፣ መቼ ጠርታው ታውቃለች?

አንድ መንገደኛ፣ ባጥር ቀዳዳ አይቶን፣
«ፍሬው ይበላል ወይ?» ብሎ ጠየቀን።
«አይበላም።» «ታዲያስ?» መልስ አጣን ሁላችን፤
ሙሄ ብቻ አለው፣ «እናየዋለን።»

ችግኝ ሰጠኝ ለኔ፣ በዘይት ቆርቆሮ፤
ሐረጎን ስንወጣ፣ ሚኒባስ ውስጥ ታጉሮ፣
ረዳቱ የአንድ ሰው ሂሳብ ጠየቀበት፤
ከፈልኩ፣ ምን ላርግ፣ ወንበር ይዟል በእውነት።

ደሴ ግን ደሴ ነው። ኅዳር፣ የጦሳ ብርድ፣
ሣሩን ጨው አስመስሎ፣ ውርጭ ሌሊት ሲወርድ፣
«የቆላ ልጅ» አሉኝ፣ «እዚህ አይከርምልህም።»
«ሳሎኔ» አለች እታጉ፣ «አፈር አይገባም!»
እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ጋቢዬን ደረብኩለት፣
አንገቱ ላይ አዙሬ፣ በሲባጎ አሰርኩለት።

ጎህ ሲቀድ ሚስቴ፣ በመስኮት ብታየው፣
«ደጅ እንግዳ ቆሟል፣ ምነው አታስገባው?»

አልሳቅኩም። ወጣሁ፤ ጋቢውን ገለጥኩት፤
ሁለት ቅጠል ጠቁሯል፤ ሦስተኛውን ዳሰስኩት፤
ከነቆርቆሮው አንሥቼ፣ ሳሎን አስገባሁት።
እታጉ ዝም አለች።
ወንበር ጠጋ አረገችለት።