መጣሁ

«መጣሁ» አልኩት፣ በሩ ላይ ቆሜ፣
አንድ እግሬ ክፍሉ ውስጥ፣ አንዱ ኮሪደር ላይ፣ ለሌላ ታድሜ።
ውሃ ነበር ያለኝ የአሥራ ሁለት ቁጥሩ፣
ኦክታቪዮ ሸማኔው፣ ሳንባው ጥጥ የበላ፣ ያለቀበት ክሩ።

ጉድ ነው ይህ ቃል፤ ሄደው ሳይመለሱ
መምጣት አለቀ ይላል፣ እግሮች ሳይነሡ።

ስምንት ነበሩ በዚያች ሌሊት የኔ፤
ስምንት ደወል፣ ስምንት ቀይ መብራት፣ ሁለት እጄ፣ ሁለት ዓይኔ።
ፎል ሪቨር፣ በጥቅምት መጨረሻ፣ ወንዙ ጭጋግ ለብሶ፣
ፋብሪካው ከሞተ ቆይቷል፤ ጡቡ ብቻ ቆሟል፣ መስኮቱ ፈራርሶ።

የአራቷ ባሏን ትጣራለች፣ ከሞተ ዓመት ሆኖት፤
የስድስቱ ስኳሩ ወርዷል፣ ላብ አጥምቆት፤
ለዘጠኙ ደም ይሰጠው፣ ለሰባቷ ፋሻ፤
የአሥሩ ልጅ ስልክ ላይ፣ ከሌላ ከተማ፣ ማብራሪያ የሚሻ።
ከአንዱ ወደ አንዱ ስሮጥ፣ ደግሞ በመሃሉ
ኮምፒዩተሩ አለ፤ «ያልተጻፈ ሁሉ አልተሠራም» ባሉ።

ውሃውን ይዤ ስገባ፣ አርባ ደቂቃ አልፎ፣
ኦክታቪዮ መሬት ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ፤
ቧንቧውን ፍለጋ ራሱ ተነሥቶ፣
አንድ ጫማ አጥልቆ፣ አንዱን ጫማ ትቶ።
«መጣሽ ልጄ?» አለኝ፣ ዳሌው ተሰብሮ፣
ያለ ቁጣ፣ ያለ ሮሮ።
ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

ሪፖርቱ ላይ «በሽተኛው ወደቀ» ተብሎ ተጻፈ።
ማን ጣለው? የሚል መስመር ፎርሙ ላይ የለም፤ ታለፈ።

ሲነጋ ድምፅ የምንሰጥበት ቀን ነበር፦
ለአንዲት ነርስ ስንት ሰው? በሕግ ይታሰር? ወይስ ይቅር?
መንገዱ ዳር ሁለት ዓይነት ሰሌዳ፤
ሁለቱም ላይ የነርስ ፊት፣ ሁለቱም ላይ ፈገግታ፣ ግራ ለሚገባው እንግዳ።

«ቁጥር ዓይን የለውም» ትላለች ማርጌሪት፣ አለቃችን፤
«በሽተኛ ከበሽተኛ ይለያል፤ እንዲህ ያለ ሕግ አይሰርልን።
እንደኛ ያለ ትንሽ ሆስፒታል ገንዘቡን ከየት ያመጣል?
ሦስተኛው ፎቅ ይዘጋል፤
ሰው ደጃፍ ላይ ይቀራል።»
አትዋሽም። ራሷም ነርስ ነበረች፣
እኔን መርፌ መያዝ ያስተማረች።
የቀን ተረኛዋ ኢዳሊናም ከሷ ጋር ናት፤
«አምስተኛው ሲመጣ፣ በሩን ልዝጋበት?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁላት።
ጥያቄዋን ተሸክሜ ወረፋ ቆምኩ፣
በዚያው በሌሊቱ ጫማ፣ ሳልተኛ እንደዋልኩ።

ግን የሆስፒታላችን አሳንሰር
«ከስምንት ሰው በላይ አይፈቀድም» ይላል፤
ዘጠነኛው ሲገባ ቆሞ ያለቅሳል።
ለሱ ሕግ ወጥቶለታል፤ ለገመዱ ታዝኖለታል፤
የኔን ገመድ ማን መዝኖታል?
ቁጥር ዓይን የለውም፤ እውነት ነው፤ አልክድም።
እኔ ሁለት አሉኝ፤ ስምንት በር ላይ በአንዴ አላይም።
ሕግ ይውጣ ይላሉ፣ ሕግ አይውጣ ይላሉ፤
እስኪስማሙ ድረስ የምትወጣዋን ነፍስ ማን ቆጠራት ከሁሉ?

ወረቀቱ ላይ ሁለት ክብ፤ ብዕሩ በክር ታስሮ፤
እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሲሮጥ አድሮ።
«አዎ»ን አጠቆርኩ፤ ጥያቄው ሳይፈታልኝ፣
ማርጌሪት ተሳስታ ሳይሆን፣ ብርጭቆው ከብዶኝ።

ማታ ውጤቱ መጣ፦ «አይሆንም» አሸነፈ።
ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ቴሌቪዥኑ ባዶ አልጋ ፊት ለፈለፈ።
ዛሬ ሰባት ናቸው የኔ፤ አንድ ቀንሷል፤
ኦክታቪዮ ቀዶ ጥገና ሄዷል።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ አንሶላው ሳይሞቅ፣
አንዲት ሴት አስገቡበት። አየችኝና
«ውሃ» አለች።
አፌ እንደለመደው «መጣ...» ሲል ዋጥኩት።
ሰባት ደወል ይጮህ ነበር።
ቀዳሁላት። ቆሜ እስክትጨርስ ጠበቅሁ።
ከኮሪደሩ ማዶ አንድ ሰው ሲወድቅ ሰማሁ።