የኋላ ማርሽ

ነፋሱ ቆርቆሮ የሚገሸልጥበት፣
ሰው ገመድ ጨብጦ መንገድ የሚያቋርጥበት፣
ፑንታ አሬናስ ነው፣ ከባሕሩ ወሽመጥ ዳር።
ጋራዡን አባቴ ለበግ ነው የሠራው፣ ለመኪና አልነበር፤
በቀኝ አንድ ክንድ ነው፣ በግራ አንድ ስንዝር።
በር ስለማይከፈት በመስኮት ይወጣል፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ፣
የራሱን መኪና እንደሚዘርፍ ሌባ ግራ ቀኙን ታዝቦ።

መኪናው ከጃፓን በመርከብ የመጣ፣
መሪው ከቀኝ ተነቅሎ በግራ በኩል የወጣ፣
አሮጌ ታክሲ ነው። ሦስተኛ ማርሽ ሲደርስ
ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማው ግን እንዳኮረፈ ባል ቃል አይመልስ።
መካኒኩ ዋጋውን ሲነግረው፣
አባቴ “በዚህማ ሌላ መኪና ይገዛል” አለና አመሰገነው፤
ከዚያም ከዶን ኤውሴቢዮ፣ ከቄራ ጡረተኛው፣
ክሪክ ተዋሰ፤ የበሬ ማንጠልጠያ ሰንሰለትም ሽማግሌው ሳይጠየቅ ጨመረው።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ሥራዬ ባትሪ መያዝ፣
ሲሚንቶው ላይ ተደፍቼ፣ ጣቴ በብርድ ሲደነዝዝ።
ለአባቱ ባትሪ ያልያዘ ልጅ ስድብ ገና አልተማረም፤
“እዚህ አብሪ!” “የት ጋ?” “እጄ ያለበት!” “እጅህ አይታየኝም!”
እሱ በጀርባው ተንጋሎ፣ ከጉልበቱ በላይ ከሥር ገብቷል፤
አፍንጫውንና ብረቱን አንድ ጣት ይለያቸዋል።
ቺያቬው ሩብ ዙር ሄዶ ከሻንሲው ይላተማል፤
ያወጣዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ሩብ ዙር፣ ደግሞ ይላተማል።
ለአንዲት ብሎን አርባ ደቂቃ።
“ስንት ቀሩ?” ስለው፣ “አትቁጠሪ—” ብሎ ሳይጨርስ አፉን ዘይት ሞላው፤
ተፋና ዝም አለ፣ በቃ።

ካምቢዮው ሰማንያ ኪሎ ነው። ክሪኩ ላይ ሲወርድ አዘንብሎ፣
እንደታረደ ወይፈን በዶን ኤውሴቢዮ ሰንሰለት ተንጠልጥሎ፣
አባቴ በደረቱ ተቀበለው።
ዝም ተባባሉ።
“አባ?”
“አለሁ። ትንሽ ጊዜ ስጪን። እየተዋወቅን ነው።”

ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተፈታ። ዘጠኝ ቀን ቆመን በላን።
ዘይቱ፣ ቀይ መሆን ሲገባው፣ ጠቁሮ የተቃጠለ ጸጉር ሸተተን፤
እናቴ ፍሪሲዮኖቹን በሹራብ ክር ሰካች፣ ተራቸው እንዳይጠፋን።
የቫልቩ ቤት ሲከፈት፣ መንገዱ ብዙ፣ መውጫው ስውር፣
ጉንዳን የቆፈረው መንደር።
በየጉድባው አንዳንድ የብረት ኳስ፣
ከሽምብራ የምታንስ።

ሰባት ነበሩ። ስድስት ቆጠርን።
ምንጣፍ አነሣን፣ አመድ ነፋን፣ ድመቷን ጠረጠርን፤
እኔ በባትሪዬ ከምድጃው ሥር፣ ከሶፋው ሥር፣ እስከ ሌሊቱ ስምንት።
የለችም።
በስምንተኛው ቀን አባቴ፣ ዓይኔን ሳያይ፣
የብስክሌቴን የፊት ጎማ ፈታ።
የእሷ ኳስ ልኩ ሆነ።

ተገጠመ። ቁልፉ ዞረ። ወደ ፊት? እንቢ።
ሁለተኛ? እንቢ።
ወደ ኋላ ሲያስገባው መኪናው ነዘር አለና ተነሣ።
አባቴ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ፤
“በአፍንጫው ነው እኮ የገባው፣ ያስና!
ለመውጣት ከዚህ ሌላ ምን ይፈለግና!”
“ግራ! ትንሽ ግራ!” እያልኩ ስንዝሯን ስጠብቅ፣
ሾልኮ ወጣ፣ ጎኑ እንኳ ሳይፋቅ።
ስምንት መንገድ ቁልቁል፣ እስከ ባሕሩ፣ በኋላው ነዳ፣
ነፋሱ ኮፈኑን እየገፋ፣
እሱ ደግሞ እንደ ሙሽራ ለጎረቤቱ ሁሉ እጁን እያወዛወዘ።
ዶን ኤውሴቢዮ በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ያዘ።

እኔ ባዶው ጋራዥ ውስጥ ቀረሁ። ባትሪውን ላጠፋ ገለበጥኩት።
ቂጡ ላይ ማግኔት አለው፣ ብረት ላይ እንዲለጠፍ።
ሰባተኛዋ እዚያ ነበረች። ዘይቷ እንኳ አልደረቀም።

ኪሴ ከተትኳት። አልነገርኩትም።
ብስክሌቴ እስከ ዛሬ፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ፣
አንድ ነገር ልትል ትጀምርና
ትተዋለች።