የአንድ ቀን ስም

ስሜ ሉባባ ነው፤ ሐይቅ ግን አያውቀውም፣
በዚህ ስም ብትጠይቁ የሚያሳይ አይገኝም።
«ባህሬን» ካላችሁ ግን ባጃጁ ያደርሳል፣
ልጁ ሁሉ ይጠቁማል፣ ውሻውም ይነሣል።

ስድስት ዓመት ኮበር፣
አንድ ቀን ባህሬን፤
እሱም ሙሉ አይደለም፣ ከረፋድ እስከ ኢሻ፣
የሰው ልጅ አቅፌ፣ የሰው ቦርሳ ይዤ።
ያ ቀን ስም ሆነኝ።
ስድስቱን ዓመት ግን
«ኮበር» ብሎ የጠራኝ አንድ ሰው የለም።

ጁምዓ ነበር። ማማ በሩ ላይ ቆማ «ሉባ፣ ልበሽ» አለች።
የመንታዎቹን ወተት፣ ዳይፐር፣ ቅያሪ
በሦስት ቦርሳ አጭቄ፣
በሁለት ሕፃናት መሐል እንደ ትራስ ተሰካሁ።
መኪናው ተነሣ፤ ከተማው አለቀ፤
መሬቱም አለቀ፤
መንገዱ ግን ቀጠለ።

እኔ የማውቀው ድልድይ ክረምት የሚሰጋለት፣
በሬ ሲረግጠው የሚንቀጠቀጥ ነው።
ይኼኛው ባሕር ላይ ተጋድሟል፣ ጫፍ የለው፤
ግራዬም ውሃ፣ ቀኜም ውሃ፤
ተስቢሕ ልቆጥርበት ጀምሬ
ሁለቴ ዞሬ ተውኩት።

መሐሉ ላይ ኬላ አለ።
ፖሊሱ ፊቴን ከወረቀቱ ጋር ሊያይ ፈለገ መሰለኝ፣
ማማ ዞር ብላ ፓስፖርቴን ሰጠችኝ።
ደማም ከወረድኩባት ሌሊት ወዲህ አይቼው አላውቅም፤
ሽታው እንኳ ተለውጧል፣ የእሷን ሽቶ ይሸታል።
ከፈትኩት።
ደሴ፣ ፎቶ ቤት፣ ከመጋረጃ ፊት፣
የራቢያን ሻሽ ተውሳ የተነሣች ልጅ
ዐይኗን ላለመጨፈን ስትታገል።
ዕድሜዋ ሃያ ስድስት።
አሥራ ዘጠኝ ነበርኩ፤ ሰባቱን ደላላው ጨመረልኝ፣
በነፃ የሰጠኝ እሱን ብቻ ነው።
ሉባባ ይመር አራጋው፤
አባቴን፣ አያቴን፣ ወሎን ከነጉዱ
በአንድ መስመር ጽፈውት።
አራት ደቂቃ ቢሆን ነው።
ከዚያ በወንበሮቹ መሐል መዳፏ መጣ፣ «ሃቲ»።
ሰጠኋት።

ባህሬን እንዴት ናት? ይሉኛል።
ምኑን አውቄ!
እነሱ ሲኒማ ሊያዩ ነው የመጡት፤
እኔ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከሚሄደው ደረጃ አጠገብ፣
ጋሪ ወደፊት፣ ጋሪ ወደኋላ፣
አንዱ ሲተኛ ሌላው ሲነቃ፣
የፈንዲሻ ሽታና የሰው ሳቅ
ከበሩ ሥር ሲወጣ።

ዳይፐር ልቀይር መታጠቢያ ቤት ገባሁ።
መወልወያዋን ተደግፋ፣ ጀርባዋን ሰጥታ
ስልክ የምታወራ ሴት አለች፤
«አብሽር እማዬ፣ ለመውሊድ እልካለሁ፣ አብሽር።»
አብሽር!
በዚያ ዕብነ በረድ ላይ ሳንቲም የወደቀ መሰለኝ።
«የት ነሽ?» አልኳት። ስልኩን አልዘጋችም።
«መርሳ።»
«እኔ ሐይቅ።»
«ሐይቅ! ደሴቱ አሁንም አለ?»
«የቱ ደሴት? ደለል ሞልቶት ከመሬት ገጥሞ የለ።»
«እንደዚች አገር በያ፣ ይቺም በድልድይ ታስራለች።»
ሳቅን። ያን ያህል የሚያስቅ ነገር አልነበረውም፤
ግን ግድግዳ ይዘን ሳቅን።
ከሽርጧ ኪስ አንዲት ሳንቲም አወጣች፣
ዳሯ ቢጫ፣ መሐሏ ነጭ፣
«ብስኩት ግዢበት» ብላ መዳፌ ውስጥ ጨመረች።
ስሟን ልጠይቃት ስል ሕፃኑ አለቀሰ።

ሳንቲሟ አለች። ብስኩት አልገዛሁባትም።
ጋሽ እንድሪስ ሱቅ ውስጥ ሚዛን ላይ ጥሏት
«ለክብሪትም አትበቃ» ብሎ መለሰልኝ፤
የራቢያ ልጆች ኳስ ሲጀምሩ
ዕጣ ይጥሉባታል።

ገበያ ሲፈታ፣ ሰልባጄን ጠቅልዬ፣
አንዳንዴ ወደ ውሃው እወርዳለሁ።
ማዶ የእስጢፋኖስ ዛፎች፤
እዚያ ሴት አትገባም፣ ያውም የይመር ልጅ፤
ከዳር ነው የማየው። ከዳር ማየት ለምጃለሁ።
ታንኳውን የሚያስር ልጅ ከኋላዬ ይጣራል፦
«ባህሬን! ባህሬን! ዓሣ ትወስጃለሽ?»

አቤት፣ እለዋለሁ።
ስንት ነው?